ለምርመራ ፊተኛ፣ ለክትባት ኋለኛ፦ ተራውን የሚያወጣው ማን ነው?

የ2020ን ሜይ ወር በመንገድ ላይ ያሳለፈ ሰው መቼም አይረሳውም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኬንያንና ኡጋንዳን በምታገናኘው ማላባ የከባድ መኪናው ሰልፍ በአሥር ኪሎ ሜትሮች ይለካ ነበር። ሹፌሩና ረዳቱ ናሙና ይሰጣሉ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ከመኪናው ሥር ያበስላሉ፣ ጋቢና ውስጥ ያድራሉ። የተጫነው የሚበላሽ ነገር ከሆነ ኪሳራው የነጋዴው ነው።

በዚያ ሰሞን በኡጋንዳ ከሚገለጸው አዲስ ታማሚ አብዛኛው ሹፌር ነበር። ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ይደርሳል፤ «በሽታውን ያመጡት ሹፌሮች ናቸው» ይባላል። በዚያው ሜይ ወር የኡጋንዳው ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ የውጭ አገር ሹፌሮች ከአገሪቱ የታማሚ ቁጥር እንዲወጡ ወሰኑ። ኬንያም ከሶማሊያና ከታንዛኒያ ጋር ያላትን ድንበር ለሰው ዘግታ ለጭነት ብቻ ክፍት ስታደርግ፣ ሹፌሩ ከቫይረሱ ነጻ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት እንዲይዝ ግዴታ ሆነ። ለምርመራ የተሠራው ዝርዝር ላይ የእኛ ሰው አንደኛ ነበር ማለት ነው።

ዓመት ሳይሞላ ክትባቱ መጣ። አዲስ ዝርዝርም ወጣ። በዚያኛው ላይ ግን የመንገዱ ሰው ወደ ታች ወረደ። ለምርመራ ፊተኛ የነበረው ለክትባት ኋለኛ ሆነ።

ይህ በደል ነው ወይስ ትክክለኛ ውሳኔ? ብዙዎቻችን በደል ነው ብለን አልፈነዋል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። የቀደሙትን ወረርሽኞች ታሪክ መለስ ብዬ ሳየው ግን መልሱ እንደዚያ ቀላል አይደለም። ክትባት ሲያንስ «ማን ይቅደም?» የሚለው ጥያቄ በአህጉራችን ቢያንስ ሦስት ዓይነት መልስ አግኝቷል። ሦስቱንም በተራ እንያቸው።

የመጀመሪያው መልስ፦ ከበሽተኛው ዙሪያ ይጀመር

ነገሩ የሚጀምረው በዲሴምበር 1966 በምሥራቅ ናይጄሪያ ነው። ዊልያም ፌጌ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ፈንጣጣ መግባቱን ሰማ። የነበረው ክትባት ለአካባቢው ሕዝብ ሁሉ አይበቃም። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የታወቀው ዘዴ ግን ሕዝቡን ሁሉ፣ ወይም እጅግ አብዛኛውን መከተብ ነበር። ፌጌና ባልደረቦቹ በአካባቢው ያሉትን ሚስዮናውያን በሬዲዮ እየጠየቁ በሽታው የታየባቸውን መንደሮች ለዩ። መጀመሪያ እዚያ ያለውን ሰው ከተቡ። ቀጥለው «ከዚህ ወዴት ይሄዳል?» ብለው ጠየቁ። መልሱን ያገኙት የሰዉን ዝምድናና የገበያውን መንገድ በማየት ነው። በሽታው የሚሄደው ሰው ለገበያና ለዘመድ በሚሄድበት ስለሆነ፣ የቀረውን ክትባት እዚያ አዋሉት። የአካባቢው ሕዝብ አብዛኛው ሳይከተብ ወረርሽኙ ቆመ።

ይህ ዘዴ በእጥረት ምክንያት ቢወለድም ብልሃቱ ግን በምቾት ጊዜ ከነበረው በልጦ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት የፈንጣጣ ዘመቻም ቀስ በቀስ በዚሁ መንገድ ሄደ፦ ታማሚውን ፈልግ፣ ለይ፣ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ክተብ።

ኢትዮጵያ ዘመቻውን የጀመረችው በጃንዋሪ 1971 ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ታማሚ ተመዘገበ። ተራራው፣ ገደሉና መንገድ ማጣቱ ሕዝቡን ሁሉ ለመድረስ የሚያስችል ስላልነበር፣ ገና ከመነሻው ሥራው ታማሚውን በመፈለግ ላይ አተኮረ። በእግር፣ በበቅሎ፣ በኋላም በሄሊኮፕተር ተሄደ። በአንዳንድ ደጋማ አካባቢዎች የአገር ባህል ከታቢዎች ነበሩ፤ ከታመመ ሰው ቁስል ወስደው ጤነኛውን ይከትባሉ። ሕዝቡ እነሱን ያምን ስለነበር አዲሱን መርፌ ለማስለመድ ቀላል አልነበረም። እንዲህም ሆኖ በኢትዮጵያ የመጨረሻው ታማሚ በኦገስት 1976 በደቡብ ምሥራቅ፣ ዲሞ በተባለች መንደር ተገኘ።

ፈንጣጣው ግን ድንበር አያውቅም። ከከብቱ ጋር ወዲያና ወዲህ የሚለው አርብቶ አደር ለውሃና ለግጦሽ እንጂ ለካርታ አይሄድም። በ1976 መጨረሻ በሽታው ሞቃዲሾ ታየ፤ በ1977 በሶማሊያ ከ3,000 በላይ ሰው ታመመ። በዚያው ዓመት የኦጋዴን ጦርነት ፈነዳ።

በኦክቶበር 1977 ከአርብቶ አደሮች ሰፈር ሁለት የታመሙ ሕፃናት በመኪና ወደ መርካ ከተማ መጡ። ሹፌሩ የማቆያውን ቦታ ስላላወቀ በመርካ ሆስፒታል በር ላይ መንገድ ጠየቀ። የሆስፒታሉ ወጥ ሠሪ፣ የ23 ዓመቱ ዓሊ ማው ማሊን፣ «እኔ አሳያችኋለሁ» ብሎ አብሮ ተሳፈረ። ጉዞው የጥቂት ደቂቃ ነው። ዓሊ ሆስፒታል ውስጥ እየሠራ፣ ራሱም ለአጭር ጊዜ በክትባቱ ዘመቻ ተቀጥሮ ሳለ፣ እሱ ግን አልተከተበም ነበር። መርፌው ያማል ብሎ መፍራቱን በኋላ ተናግሯል። ከቀናት በኋላ ተኛ። መጀመሪያ ወባ፣ ቀጥሎ ጉድፍ ተባለ፤ በመጨረሻ ፈንጣጣ መሆኑ ታወቀ። በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ በፈንጣጣ የተያዘው የመጨረሻው ሰው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። ከዓሊ ጋር ፊት ለፊት የተገናኙ 161 ሰዎች አንድ በአንድ ተፈለጉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ በአካባቢው 54,777 ሰው ተከተበ። ወደ መርካ በሚያስገቡና በሚያስወጡ መንገዶች ላይ፣ በእግረኛ ጎዳና ሳይቀር፣ ኬላ ቆመ። የሚያልፈው መንገደኛ እዚያው ይከተባል። ያ ኬላ የቆመው መርፌ ይዞ ነው። መንገደኛውን ጥፋተኛ አላደረገውም፤ ከልሎት አሳለፈው እንጂ። ዓሊ ድኖ፣ በኋለኛ ዘመኑ በአገሩ የፖሊዮ ክትባት ዘመቻ ሲያገለግል ኖሮ በ2013 አረፈ።

ሁለተኛው መልስ፦ ለሁሉም ትንሽ ትንሽ

በ2015 መጨረሻ በአንጎላ ዋና ከተማ በሉዋንዳ፣ ቪያና በተባለው አካባቢ ቢጫ ወባ ተነሳ። መጀመሪያ ከታወቁት ታማሚዎች መካከል ከኤርትራ የሄዱ ሰዎች ይገኙበታል። የእኛ አካባቢ ሰው ለሥራ የት ድረስ እንደሚሄድ ይህ ራሱ ይነግረናል። አንጎላ ለመግባት ቢጫ ካርድ ያስፈልጋል፤ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ነገር ግን ከበሽታ የሚከልለው በክንዱ የገባው ክትባት እንጂ በኪሱ ያለው ወረቀት አይደለም።

በሽታው ተሻግሮ ኮንጎ ኪንሻሳ ገባ። ለአደጋ ጊዜ የተቀመጠው የዓለም ክምችት ተሟጠጠ፤ ቢጫ ወባ ክትባት ማምረት ደግሞ ብዙ ወራት የሚፈጅ ሥራ ነው። ከሚሊዮኖች ውስጥ ማን ይመረጥ? በኦገስት 2016 የተሰጠው መልስ «ማንም አይመረጥ» የሚል ነበር። ጥናቶች አነስተኛ መጠንም ሊከላከል እንደሚችል አሳይተው ስለነበር፣ አንዱ ዶዝ ለአምስት ሰው ተከፈለ። በዚያ ዘመቻ በኪንሻሳ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ተከተበ።

ቤት ውስጥ እንግዳ ሲበዛ ወጡ ላይ ውሃ እንደሚጨመረው ማለት ነው። ግን እዚህም ለእኛ ዓይነቱ ሰው አንድ ጉዳይ ነበር። ያ አንድ አምስተኛ ዶዝ ለዓለም አቀፍ ጉዞ ቢጫ ካርድ አያሰጥም። ለከተማው ነዋሪ የሚበቃው፣ ድንበር ለሚሻገረው አይበቃም። አንድ ውሳኔ ለብዙኃኑ ትክክል ሆኖ ሳለ የመንገዱን ሰው ሳያስበው ሊያልፍ እንደሚችል እዚህ ላይ እናያለን።

ሦስተኛው መልስ፦ ማን ይሞታል?

አሁን ወደ ኮቪድ እንመለስ። ክትባቱ ሲገኝ የመጀመሪያው ተራ የወጣው በሰው መካከል ሳይሆን በአገር መካከል ነው። በጃንዋሪ 2021 የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ቁጥሩን ለዓለም ነገሩ፦ በ49 ሀብታም አገሮች ከ39 ሚሊዮን በላይ ዶዝ ሲሰጥ፣ በአንዲት ድሃ አገር የተሰጠው 25 ዶዝ ብቻ ነበር። ሃያ አምስት ሺህ አይደለም፤ ሃያ አምስት ነው።

ኮቫክስ በተባለው የጋራ ግዢ በኩል ወደ እኛ የደረሰው በማርች 2021 ነው። ሱዳን 828,000፣ ኬንያ ከ1 ሚሊዮን በላይ፣ ኡጋንዳ 864,000፣ ሶማሊያ 300,000፣ ጂቡቲ 24,000 ዶዝ ተቀበሉ። ኢትዮጵያ ማርች 7 ቀን 2.2 ሚሊዮን ዶዝ ተረከበች። ክትባቱ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ የሚሰጥ ስለሆነ፣ 2.2 ሚሊዮን ዶዝ የሚበቃው ለ1.1 ሚሊዮን ሰው ነው። ከመቶ ሰው ለአንዱ ማለት ነው። በዚያው ወር መጨረሻ ሕንድ የራሷ ወረርሽኝ ስለባሰባት ክትባት ወደ ውጭ መላክ ገታች፤ የሚቀጥለው ጭነትም ዘገየ።

ከመቶ አንዱ ማን ይሁን? በአብዛኞቹ አገሮች መልሱ ተመሳሳይ ነበር፦ መጀመሪያ የጤና ባለሙያ፤ ቀጥሎ አረጋውያንና እንደ ስኳርና ደም ግፊት ያለ ሕመም ያለባቸው። ኬንያና ኡጋንዳ መምህራንንና የጸጥታ ሠራተኞችንም ወደ ፊት አመጡ። መሠረቱ የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ቡድን በ2020 ያወጣው መመሪያ ነው።

እዚህ ላይ ለራሳችን እውነቱን እንናገር። ይህ ቅደም ተከተል የተሠራው በዘፈቀደ አይደለም። ፈንጣጣ በፊት ላይ ይታያል፤ ታማሚውን አግኝተህ ዙሪያውን ማጠር ትችላለህ፤ ክትባቱም ሰው ለበሽታው በተጋለጠ በሦስት በአራት ቀን ውስጥ ቢሰጥ እንኳ ይከላከላል። ኮቪድ ግን ምልክት በሌለው ሰው ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። ዙሪያውን ለማጠር ስትነሳ አልፎሃል። ክትባቱም ሞትንና ከባድ ሕመምን የሚያስቀረውን ያህል መተላለፍን አያስቀርም። እንዲህ ከሆነ «ማን ያስተላልፋል?» ከሚለው ይልቅ «ማን ይሞታል?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። የ30 ዓመት ሹፌር ከ75 ዓመት እናቱ ቀድሞ ይከተብ ብሎ የሚከራከር ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ነርሷም ብትወድቅ ሹፌሩን የሚያክመው ሰው አይኖርም።

ስለዚህ ቅሬታችን «ለምን አንደኛ አልሆንንም?» ከሆነ ትክክል አይደለም። ትክክለኛው ቅሬታ ሌላ ነው።

የመንገዱ ሰው የት ላይ ተጻፈ?

ያ መመሪያ ሕዝቡን በደረጃ ይከፍላል። ክትባቱ ከአገሩ ሕዝብ ከ1 እስከ 10 በመቶ ለሚሆነው ሲበቃ አንደኛው ደረጃ፤ ከ11 እስከ 20 በመቶ ሲደርስ ሁለተኛው፤ ከ21 እስከ 50 በመቶ ሲደርስ ሦስተኛው ነው። በሽታው በኅብረተሰቡ ውስጥ በተሰራጨበት አገር የትራንስፖርት ሠራተኛው የሚገኘው ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው።

ኮቫክስ በመጀመሪያ የገባው ቃል ደግሞ ከእያንዳንዱ አገር ሕዝብ 20 በመቶውን ለመድረስ ነበር። እንግዲህ ነጋዴ ነንና ሒሳቡን እንሥራው። ቃል የተገባው 20 ላይ ያበቃል፤ የሹፌሩ ተራ 21 ላይ ይጀምራል። ገንዘብ ኖሮት ተጨማሪ መግዛት ለሚችል አገር ይህ የወራት ጉዳይ ነው። በእርዳታ ለሚጠብቅ አገር ግን ተራው አለ ይባላል እንጂ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም።

ሹፌሩስ ቢያንስ «የትራንስፖርት ሠራተኛ» የሚል ስም አለው። በጀርባዋ ሸቀጥ ተሸክማ በሞያሌ ወይም በቶጎ ውጫሌ ወዲያና ወዲህ የምትለው ቸርቻሪስ በምን ስም ትገባለች? ፈቃድ የላት፣ ማኅበር የላት፣ ደመወዝ ከፋይ መሥሪያ ቤት የላት። ነርሷን ሆስፒታሉ ይመዘግባታል፤ መምህሩን ትምህርት ቤቱ ይመዘግበዋል። ዝርዝር የሚሠራው መዝገብ ካለበት ነው። እኛ የምንመዘገበው ኬላ ላይ ነው፤ እሱም ለቀረጥና ለምርመራ።

የሚገርመው፣ ያው መመሪያ በሽታው ገና ላልገባበት አገር ሌላ ቅደም ተከተል ነበረው። እዚያ ለግድ ሥራ ወደ ውጭ ወጥቶ የሚመለስ መንገደኛና የድንበር ሠራተኛ ከፊተኞቹ ጋር ተጽፈዋል። በሽታው ገና ከውጭ የሚመጣ ሳለ የመንገዱ ሰው ወሳኝ መሆኑን ባለሙያዎቹ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ችግሩ በዚያ ወቅት ክትባት አልነበረም፤ ክትባቱ ሲደርስ ደግሞ በሽታው ከገባ ቆይቷል። ምርመራ በነበረበት ጊዜ ፊት ቆምን፤ ክትባት በመጣበት ጊዜ ተራችን አልፎ ነበር።

ወደ ኬላው የተመለሰ መርፌ

ታሪኩ እዚህ ላይ አያበቃም። በኦገስት 2024 የዓለም ጤና ድርጅት ኤምፖክስን ዓለም አቀፍ አስቸኳይ የጤና ስጋት ብሎ አወጀ። ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በጁላይ መጨረሻ፣ ኬንያ የመጀመሪያ ታማሚዋን ያገኘችው በታይታ ታቬታ ኬላ ነው፤ ከኡጋንዳ ተነስቶ በኬንያ በኩል ወደ ሩዋንዳ የሚያልፍ መንገደኛ ነበር። በሜይ 2025 ደግሞ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ፤ የት ቢሉ ሞያሌ፣ የቀናት ዕድሜ ያለው ጨቅላ ሕፃን።

ሩዋንዳ በሴፕቴምበር 2024 ከናይጄሪያ 1,000 ዶዝ አገኘች። እጅግ ጥቂት ነው። የጀመረችው ግን ከኮንጎ ጋር በምትዋሰንበት የድንበር አካባቢ፣ ለበሽታው ይበልጥ ከተጋለጡት ነው። ኤምፖክስ በቅርብ ንክኪ የሚተላለፍና በቆዳ ላይ የሚታይ በሽታ ስለሆነ የ1966ቱ ብልሃት እንደገና ይሠራል። መርካ ላይ የቆመው ኬላ ከ47 ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከሦስቱ መልሶች የማወጣው ይህን ነው። ቅደም ተከተሉ እንደ በሽታው ይለያያል። በአንዱ ወረርሽኝ የመንገዱ ሰው መቅደም አለበት፤ በሌላው ለአረጋዊና ለነርስ ተራ መልቀቅ አለበት። በየትኛውም ግን ዝርዝሩ ላይ መኖር አለበት። ለምርመራ ለይቶ የጠራው ሥርዓት ለክትባትም ለይቶ ሊጠራው ይገባል። አንድን ሰው «አደገኛ ነህ» ብሎ አስቁሞ፣ ሲከፋፈል «አላውቅህም» ማለት አይቻልም።

ከእኛ በኩል የሚሠራ ሥራም አለ። አንደኛ፣ የሹፌሮችና የነጋዴዎች ማኅበራት የአባሎቻቸውን ስም፣ ዕድሜና የሚሄዱበትን መስመር የያዘ መዝገብ ዛሬ ያዘጋጁ፤ ወረርሽኝ ሲመጣ መዝገብ ለመሥራት ጊዜ የለም። ማኅበር የሌላቸው ቸርቻሪዎችም ቢያንስ በገበያቸው ይሰባሰቡ። ሁለተኛ፣ ሁለት ጊዜ የሚሰጥ ክትባት ከሆነ አንደኛውን ሞያሌ ወስዶ ሁለተኛው ሲደርስ ሞምባሳ ለሚገኝ ሰው ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ይወሰን። ለጭነቱ የአንድ ማዕከል ኬላ ሞያሌ ላይ በ2020 ተመርቋል፤ ዕቃው በአንድ መስኮት ካለፈ የሰውየው ክንድ የማያልፍበት ምክንያት የለም። ሦስተኛ፣ አንዱ አገር የሰጠውን የክትባት ወረቀት ሌላው ይቀበል፤ የኪንሻሳው ነገር እንዳይደገም።

አራተኛው የራሳችን ነው። ዓሊ ማው ማሊን ዝርዝሩ ሳይረሳው፣ መርፌው አጠገቡ እያለ፣ ፈርቶ የቀረ ሰው ነው። በ2021ም ተራው ደርሶት «ይቆየኝ» ያለ ከመካከላችን አልጠፋም። ተራ ጠይቆ ሲደርስ አለመገኘት የሚቀጥለውን ጥያቄ ያዳክማል።

በመጨረሻ አንድ የቋንቋ ነገር። በአማርኛችን «ከተበ» ማለት መርፌ ወጋ ብቻ አይደለም፤ ጥንታዊ ፍቺው ጻፈ ነው። ክታብም ከዚያው የወጣ ነው። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ቃል ሲጠሩ ምን እንዳሰቡ ባላውቅም፣ ለእኛ ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ያልተጻፈ አይከተብም። የሚቀጥለው ወረርሽኝ ከየት እንደሚነሳ ማንም አያውቅም፤ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ ግን እናውቃለን። በእኛው መንገድ ነው። መዝገቡ ከእሱ ቀድሞ ይጠብቀው።